ዝይ አደን፦ 35 ሜትርን በዓይን መለየትና የሾትጋን ምርጫ

ቸርችል ቁልቁል (ጠያቂ)፦

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ ሁለት ነው፤ አንዱ ግን ሌላውን ይጎትታል።

በመጪው መስከረም ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ ኤድመንተን አጠገብ የካናዳ ዝይ አደን ልወጣ ነው። ዝዮቹ የሚታደኑት እህል የታጨደበት ማሳ ላይ ቃርሚያ ሊለቅሙ ሲያርፉ ነው። ፈቃዱንና መሣሪያውን አስተናጋጆቼ እየጨረሱት ስለሆነ እዚያ ላይ ጥያቄ የለኝም። ግን የማውቀው አንድ እርሳስ የሚወረውረውን ጠመንጃ እንጂ ፍሬ የሚበትነውን ሾትጋን አይደለም።

አንደኛ፣ ዝይ እየበረረ ሲመጣ «ደርሷል፣ ተኩስ» የሚባልበት ርቀት ስንት ነው? ባዶ ሰማይ ላይ ዛፍ የለ፣ አጥር የለ፣ በምን ይለካል? እዚሁ መሃል አዲስ አበባ ያለ ምንም መሣሪያ ዓይን የሚለማመድበት መንገድ ካለ ንገሩኝ። ከፒያሳ ለገሃር በየቀኑ በእግሬ ነው የምመላለሰው።

ሁለተኛ፣ ከሦስት አንዱን ምረጥ ተብያለሁ። ባለ 3 ኢንች ማጉረሻ (ጥይቱ የሚገባበት ክፍል) 12 ጌጅ ፓምፕ (በእጅ ወደ ኋላ ተስቦ ወደ ፊት ሲመለስ የሚያጎርሰው)፣ ባለ 3½ ኢንች 12 ጌጅ አውቶማቲክ፣ እና ጎን ለጎን ባለ ሁለት አፈሙዝ የድሮ 12 ጌጅ። ሦስተኛው ሲያዩት ልብ ይወስዳል፤ ብረቱ ላይ ቅርጽ አለው፣ ቾኩ (የአፈሙዙ ጫፍ መጥበቢያ) ግን የሚፈታ አይደለም። ቁመቴ 1.68 ነው፣ ቀኝ እጅ ነኝ።

ዝይ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩልኝ።


ማስመሪያ (አራት ኪሎ)፦

35 ሜትር። ይህን ቁጥር ያዝና ሌላውን ሁሉ በሱ ላይ እሰረው። ፈረንጆቹ 40 ያርድ ይሉታል፣ በትክክል 36.6 ሜትር ነው፤ የጥይት ካርቶናቸውም ወሬያቸውም በያርድ ስለሆነ ሁለቱን እንደ አንድ ቁጠራቸው። ከዚያ በላይ የሚተኩስ የለም አልልህም፣ ሞልቷል። እሱ የሚገድለው በዕድል ነው፣ የሚያቆስለው ግን በየቀኑ ነው።

ምክንያቱ ፍሬው ነው። ለውኃ ወፍ አደን የእርሳስ ፍሬ በአሜሪካ ከ1991፣ በመላ ካናዳ ደግሞ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው፤ ወፎቹ ከጭቃ ውስጥ እርሳሱን ከጠጠር ጋር እየለቀሙ ይመረዙበት ነበር። አሁን የሚተኮሰው በአብዛኛው ብረት ነው። እርሳስ በኩብ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም ሲመዝን ብረት 7.8 ላይ ይቀራል። ቀላል ጠጠር ብትወረውር ቶሎ ይደክማል፤ ብረቱም እንደዚያው ነው። ቢቢ የሚባለው 4.6 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ፍሬ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ወጥቶ 36 ሜትር ላይ ሲደርስ ግማሽ የሚጠጋ ፍጥነቱን ጥሏል። በዚያው መንገድ ፍሬዎቹ እርስ በርስ እየተራራቁ ነው። ስለዚህ ርቀት ሲጨምር ሁለት ነገር አብሮ ያልቃል፤ የእያንዳንዱ ፍሬ ጉልበትና የፍሬዎቹ ጥግግት። 55 ሜትር ላይ አንድ ሁለት ፍሬ ሆዱ የገባበት ዝይ አይወድቅም፤ መንጋውን ተከትሎ ይሄድና የማታውቀው ማሳ ላይ ይሞታል።

ለዓይኑ ከኳስ ሜዳ ጀምር። እንግሊዞች የሠሩት በያርድ ስለሆነ ሥራህን ጨርሰውልሃል። ጎል 7.32 ሜትር ይሰፋል፣ 8 ያርድ ማለት ነው፤ አምስት ጎል ጎን ለጎን ብትደረድር ልክ 40 ያርድ። የመሃሉ ክብ ከዳር ዳር 18.3 ሜትር፣ 20 ያርድ ነው፤ ሁለቱ 40። የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ደግሞ በወርዱ 40.3 ሜትር ነው። አንዱ ጥግ ላይ ቆመህ ሌላው ጥግ ላይ የቆመውን ሰው እየው፤ እሱ ዝይ ቢሆን አይተኮስበትም።

በልኩ የተሰመረ ሜዳ ካላገኘህ ጃን ሜዳ ግባ። አንድ ድንጋይ ወይም አንድ የቆመ ሰው ምረጥ፣ ርቀቱን ገምት፣ ግምቱን ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ከዚያ በእርምጃ ለካ። እርምጃህ 75 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 48 እርምጃ 36 ሜትር ነው። መጻፉ ላይ አትስነፍ፤ ያልተጻፈ ግምት ከተለካ በኋላ ራሱን አስተካክሎ «ብዬ ነበር» ይላል።

መሬት ላይ የሠለጠነ ዓይን ሰማይ ላይ እንደገና ይሳሳታል። መሬት ላይ ሣሩ፣ አጥሩ፣ የሰው ቁመት በመካከል እየገቡ ርቀቱን ይከፋፍሉልሃል፤ ሰማይ ላይ ወፉ ብቻ ነው። ዝይ ትልቅ ስለሆነ ደግሞ ሁልጊዜ የቀረበ ይመስላል። ለዚህ የከተማው ፎቅ ይጠቅምሃል። አንድ ፎቅ ከወለል ወለል 3 ሜትር ከምናምን ነው፤ የባለ አሥር ፎቅ ጣሪያ ከ30 እስከ 35 ሜትር ላይ ነው በል። በቸርችል ስትወርድ የትግላችን ሐውልት አለልህ፣ ጫፉ 50 ሜትር ነው። ከሥሩ ቆመህ አናቱ ላይ የምታልፍ ጭልፊት ተመልከት። የቀረበች ይመስልሃል፤ ከተኩስ ክልል ውጭ ናት፣ ያውም በ15 ሜትር።

ጭልፊቷን የመረጥኩት በልኳ ነው። ክንፏን ስትዘረጋ ከጫፍ ጫፍ 1.4 እስከ 1.5 ሜትር ትሆናለች። የካናዳ ዝይ ከ1.3 እስከ 1.8 ይደርሳል። ሥጋ ቤት ባለበት ሁሉ የምትዞር መለማመጃ በነፃ አለችህ ማለት ነው።

መለኪያዋን እንዲህ ሥራ። ጠንካራ ካርቶን ላይ 27 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ክፍተት ቁረጥ (የአንድ ብር ሳንቲም ስፋት ይቀርበዋል)። ካርቶኑን ብሳና ሲባጎ እሰርበት፤ ሲባጎው 65 ሴንቲ ሜትር ላይ ቋጠሮ ይኑረው። ቋጠሮውን በጥርስህ ይዘህ ካርቶኑን ሲባጎው እስኪወጠር ግፋው። ክንፉ 1.5 ሜትር የሆነ ወፍ ክፍተቱን ከጫፍ ጫፍ ሲሞላ 36 ሜትር ላይ ነው። ክፍተቱ ውስጥ ቦታ ተርፎት ከታየ ሩቅ ነው። ሲባጎው የግድ ነው፤ ክንድ አንዴ ይታጠፋል አንዴ ይዘረጋል፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ሦስት ሜትር ያሳስትሃል። ክንፉ ሙሉ በሙሉ የሚታየው ወፉ ወደ አንተ ሲመጣ፣ ከአንተ ሲሸሽ ወይም አናትህ ላይ ሲሆን ነው። በጎን ሲያልፍ በክንፉ አትለካ፣ ያሳጥረዋል።

እዚያ ስትደርስ የሚገጥምህን ወጥመድ ከአሁኑ እወቀው። በአንድ ማሳ ላይ ትልቁ የካናዳ ዝይና ትንሹ ካክሊንግ ዝይ አብረው ይመጣሉ፤ ቀለማቸው አንድ ነው፣ ትንሹ ግን ክንፉ 1.1 ሜትር አካባቢ ነው። ትልቁ፣ ባለ 1.7 ሜትሩ፣ ክፍተትህን የሚሞላው 41 ሜትር ላይ ነው። ትንሹ 26 ሜትር ላይ። ትንሹ ሩቅ ስለሚመስልህ ዕድል ያሳልፍሃል እንጂ ጉዳት የለውም፤ የሚያስቸግረው ትልቁ ነው።

ሌላው ስህተት ሰያፉን መርሳት ነው። ዝይ 25 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ከአንተ በአግድም 25 ሜትር ይርቃል እንበል። ፍሬው የሚጓዘው ሰያፉን፣ 35 ሜትር ነው። 30 በ30 ከሆነ 42 ሆነ፣ አለቀ። ሰዎች ከፍታውን ብቻ ወይም አግድሙን ብቻ እያዩ ነው የሚተኩሱት።

ማሳው ላይ ግን ይህን ሁሉ ስሌት የሚሠራ የለም፣ ጊዜም የለም። የሚሠራው ቀድሞ ምልክት ማድረግ ነው። ከተደበቅህበት ተነስተህ በአራቱም አቅጣጫ 35 ሜትር ለክተህ ገለባ ክምር፣ ወይም የመጨረሻውን ማባበያ (የውሸት) ዝይ እዚያ አቁም። ከዚያ ውጭ ምንም አይቆምም። ዝይ የሚያርፈው ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ስለሆነ ነፋሱን ከጀርባህ አድርግ፤ ማባበያዎቹን ሁለት ክንድ እንደዘረጋ ሰው አሰልፍና መሃሉን ከ20 እስከ 25 ሜትር ላይ ባዶ ተውለት። ማረፊያ ብሎ የሚመጣው እዚያ ነው። እግሩን አውጥቶ ክንፉን ቆልምሞ ሲወርድ፣ ዓይኑ ጎልቶ ሲታይህ፣ ያኔ ካርቶንም ሲባጎም አያስፈልግም።


ቀለህ ለቃሚ (ካዛንቺስ)፦

ርቀቱን ማስመሪያ ጨርሶታል፤ እኔ ጠመንጃው ላይ ልሂድ። ከሦስተኛው ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱ ነው አደጋ ያለበት።

የድሮውን ጎን ለጎን በብረት ፍሬ አትተኩስ። እርሳስ ለስላሳ ነው፣ ጠባብ ቾክ ውስጥ ሲገባ ተጨማድዶ ያልፋል። ብረት አይጨማደድም። ጥብቅና የማይፈታ ቾክ ያለው የድሮ አፈሙዝ ውስጥ ትልልቅ የብረት ፍሬ ሲያልፍ ጫፉ አካባቢ ቀለበት የሚመስል እብጠት ይወጣል፤ ጎን ለጎን ከሆነ ደግሞ ሁለቱ አፈሙዞች የተበየዱበት ይላቀቃል። አፈሙዙ ላይ እንደ እባብ ቆዳ የተጠማዘዘ መስመር ካየህ ደማስቆ የሚሉት ሥራ ነው፤ እሱ ለዛሬ ባሩድ ግፊት አልተሠራም፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ሌላው ማጉረሻው ነው። የድሮዎቹ ብዙ ጊዜ 65 ወይም 70 ሚሊ ሜትር ናቸው። 76 ሚሊ ሜትሩ፣ ማለትም 3 ኢንቹ ጥይት፣ ሳይተኮስ አፉ ታጥፎ ስላጠረ ሰተት ብሎ ይገባል። ሲተኮስ ግን አፉ የሚከፈትበት ቦታ የለውም፣ ጠባቡ ውስጥ ይከፈታል፣ ግፊቱም ከልክ ያልፋል። «ገባ እኮ» ማረጋገጫ አይደለም። ጠመንጃው ላይ የተመታውን ቁጥር አንብብ።

የግድ በሱ ልተኩስ ካልክ ጠመንጃ ሠሪ ለክቶ ካሳለፈው በኋላ ቢስመዝ አለ። በኩብ ሴንቲ ሜትር 9.6 ገደማ ይመዝናል፣ እንደ እርሳስ ለስላሳ ነው፣ ዋጋው ግን ከብረት ብዙ እጥፍ ነው።

የቀሩት ሁለቱ ናቸው። እኔ ፓምፑን እልሃለሁ።

ጌጅ ማለት በአፈሙዙ ልክ የሚገባ ክብ እርሳስ ስንቱ አንድ ፓውንድ (454 ግራም) ይሞላል ማለት ነው፤ ለዚህ ነው ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው የሚሰፋው። 12 ጌጅ 18.5 ሚሊ ሜትር፣ 20 ጌጅ 15.6 ሚሊ ሜትር ነው። ለዝይ 12 በባለ 3 ኢንች ይበቃል። ጥይቱ 35 ግራም (1¼ አውንስ) ቢቢ ይይዛል፣ ሲቆጠር 90 ፍሬ ገደማ። 2 ቁጥር ብትወስድ፣ 3.8 ሚሊ ሜትሩን፣ በዚያው ክብደት 156 ገደማ ይሆናል፤ ብዙ ነው ግን እያንዳንዱ ቀላል ነው፣ ለዳክዬና ከ30 ሜትር በታች ላለ ዝይ የሚሆን ነው። ቢቢ ያዝ።

አውቶማቲኩ መጥፎ አይደለም። በጋዝ የሚሠራው ዓይነት እርግጫውን ይቀንሳል፤ በምትኩ ጥቀርሻ ይሰበስባል፣ በብርድ ዘይቱ ይወፍርበትና ይጎተታል። በማፈግፈጉ ጉልበት የሚሠራው ደግሞ ንጹሕ ነው፤ ግን ትከሻ ላይ ልል ተይዞ ከተተኮሰ ቀለሁን ላያወጣ ይችላል፣ መዝጊያውም ድምፅ እንዳይሰማ ቀስ ተብሎ ከተመለሰ ሳይቆለፍ ይቀራል። ቃታ ስትስብ ቀጭ ይላል እንጂ አይተኮስም። የፓምፕ ብልሽት አንድ ነው፤ ሰውዬው ራሱ እስከ መጨረሻ ሳይጎትት መመለሱ። ሲጎትቱ መጨረሻውን እስኪመታ፣ ሲመልሱም እስኪመታ። በባዶ ጠመንጃ፣ ክርን ሳይወርድ፣ ጉንጭ ከሰደፉ ሳይለቅ መቶ ጊዜ ካደረግኸው ያልቃል። መለማመጃ (ባሩድ የሌለው) ጥይት አስደርግበት እንጂ እውነተኛ ጥይት ቤት ውስጥ አይግባ።

በየትኛውም ቢሆን መጋዘኑ ውስጥ እንጨት ወይም ፕላስቲክ መወተፊያ መኖሩን አረጋግጥ። ለተጓዥ ወፎች በካናዳም በአሜሪካም ጠመንጃው የሚይዘው ጠቅላላ ጥይት ከሦስት እንዳይበልጥ ሕግ ነው፣ ተቆጣጣሪ መጀመሪያ የሚያየውም እሱን ነው።

አሁን ልክህ። ሻጭ ስለ ጌጅ ያወራሃል፣ ወፍ የሚጥለው ግን ልክ ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ባዶውን ጠመንጃ ትከሻህ ላይ አንሳና ዓይንህን ግለጥ። ማየት ያለብህ የጫፉን ነጥብና ከሱ በታች ቀጭን የአፈሙዝ ጀርባ ነው። የአፈሙዙ ጀርባ እንደ ሜዳ ተዘርግቶ ከታየህ ከፍ ብሎ ይመታል፤ የኋላው ብረት ዓይንህን ከጋረደው ዝቅ ይላል። በ1.68 ቁመት ላይ የብርድ ካፖርት ሲጨመር የፋብሪካው ሰደፍ ይረዝምብሃል፤ ብብትህ ላይ ልብስ ይይዛል። ከቃታ እስከ ሰደፍ ጫፍ ብዙዎቹ 36 ወይም 37 ሴንቲ ሜትር ናቸው፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ማሳጠር ያስፈልግህ ይሆናል። ፈተናው ካፖርቱን ለብሰህ ይሁን። የበላይ ዓይንህንም ለይ፤ ሁለቱን መዳፍ አጋጥመህ ትንሽ ቀዳዳ ተው፣ በሱ ውስጥ የሩቅ መብራት ተመልከት፣ አንድ ዓይን ጨፍን። መብራቱ ካልጠፋ የተገለጠው ዓይን ነው የበላዩ። ቀኝ እጅ ሆነህ የግራ ዓይን የበላይ ከሆነ ከአሁኑ ንገረን፣ ሌላ ወሬ ነው።


ለገሃር ጣቢያ፦

በ3½ ኢንቹ ላይ አልስማማም። ጥይቱ ረጅም የሆነው ለምክንያት ነው፤ ተጨማሪ ፍሬ ማለት ተጨማሪ ክልል ነው። በነፋስ ቀን ዝይ 45 ሜትር ላይ ዞሮ ሲሄድ ባለ 3 ኢንቹ ቆሞ ያያል። ደግሞ በ3½ ማጉረሻ 3 ኢንቹም 2¾ውም ይተኮሳል፣ በ3 ኢንች ማጉረሻ ግን 3½ አይገባም። ሰፊውን የያዘ ምን ይጎድለዋል?


ማስመሪያ (አራት ኪሎ)፦

ማጉረሻው ላይ ያልከው ልክ ነው፤ ጠመንጃው 3½ መሆኑ ጥፋት የለውም። ጥይቱ ላይ ነው የምንለያየው። ከ35 ግራም ወደ 42.5 ግራም ስትሄድ የቢቢው ቁጥር ከ90 ወደ 108 ይሆናል፣ አንድ አምስተኛ ጭማሪ። እያንዳንዱ ፍሬ ግን ያው ፍሬ ነው፤ የቀለሁ መርዘም ፍጥነት አልጨመረለትም፣ ክብደት አልጨመረለትም። 45 ሜትር ላይ የሚጎድለው ጥግግት ብቻ ቢሆን ትረታኝ ነበር። ጉልበቱም ጎድሏል። ጉልበት የሚጨምረው ፍሬውን ማወፈር ነው (ቢቢቢ፣ ቲ)፤ ያኔ ደግሞ ቁጥሩ ይወርድና የጨመርከው ተመልሶ ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ ትከሻ የሚከፍለው አለ፤ ሁለት ቀን 3½ የተኮሰ ጀማሪ በሦስተኛው ቃታ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል።

ስለ አየሩም አንድ ነገር። ኤድመንተን ከባሕር ወለል 670 ሜትር ላይ ናት፣ እኛ 2,400 ላይ። በዜሮ ዲግሪ የእነሱ አየር በግምት ከእኛው በ30 በመቶ የከበደ ነው። ቀላል ፍሬ ይህን አየር ነው የሚሰነጥቀው። ማንም ከደጋ ሀገር ልምድ ይዞ ርቀት አይዘርጋ።


ወረቀትና መርፌ (ቦሌ መንገድ)፦

ክርክሩን ወረቀት ይፈታዋል። እዚያ እንደደረስክ ከአደኑ በፊት አንድ ከሰዓት ለዚህ ስጥ።

1.2 ሜትር በ1.2 ሜትር የሆነ ማሸጊያ ወረቀት ወጥር፣ ከኋላው የሚከለክል የአፈር ክምር ይኑር። መሃሉ ላይ ነጥብ አድርግ። ልክ 36.6 ሜትር ላይ ቆመህ አንድ ጊዜ ተኩስ። የፍሬው ጥግግት የበዛበትን ቦታ በዓይንህ ፈልግና እሱን መሃል አድርገህ ስፋቱ 76 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ሳል (38 ሴንቲ ሜትር ሲባጎ፣ ሚስማርና እስክሪብቶ)። ክቡ ውስጥ ያለውን ቀዳዳ ቁጠር፣ የቆጠርከውን እያሰመርክበት። ለትልቅ ዝይ ከ50 እስከ 55 ትፈልጋለህ። በአዲስ ወረቀት ሦስት፣ ቢቻል አምስት ጊዜ ድገመውና አማካዩን ያዝ፤ የአንድ ጊዜ ውጤት ምንም አይነግርህም።

ቁጥሩ ከላይ ከተባለው ጋር ይገናኛል። 90 ቢቢ ይዘህ 60 በመቶው ክቡ ውስጥ ቢገባ 54 ነው፣ አለፍክ። 50 በመቶ ከሆነ 45፣ አልበቃም። በእርሳስ ዘመን 60 በመቶ የሚሰጠው ሞዲፋይድ የሚባለው ቾክ ነበር፤ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር 50፣ ፉል 70። ብረት ስለማይበላሽ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ቾኩን አንድ ደረጃ ያጠበበ ያህል ይሰበሰባል። ስለዚህ በሞዲፋይድ ጀምር። ፉል ስላለህ ብቻ አትግጠመው፤ ቾኩ ላይ ብረት እንደሚችል ካልተጻፈ ተወው፣ ቢችልም ከመጠን በላይ የጠበበ ለብረት ስርጭቱን ይበትናል እንጂ አያሻሽልም። አንድ ዓይነት ጥይት፣ ግን ሌላ ፋብሪካ፣ በዚያው ቾክ የተለየ ይሰጣል። የቆጠርክበትን ጥይት ነው ይዘህ የምትሄደው።

የስርጭቱ መሃል ከነጥብህ በአንድ ስንዝር ግራ ወይም ቀኝ ከወጣ ቾክ ሳይሆን ሰደፍ ወይም ዓይን ነው፤ የቀለህ ለቃሚን ፈተና ድገም።

በአፈሙዝ ስለመለካት ማንም ባያነሳ ይገርመኝ ነበር፣ ስለዚህ እኔ ላንሳው። «አፈሙዙ ዝዩን ከሸፈነው ሩቅ ነው» ይባላል። ይሠራል፣ ግን የራስህን አፈሙዝ ለክተህ ነው። 22 ሚሊ ሜትር የሚወፍር አፈሙዝ ከዓይንህ አንድ ሜትር ላይ ካለ፣ 36 ሜትር ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። ትልቅ ዝይ ከምንቃር እስከ ጅራት አንድ ሜትር ስለሚሆን በጎን ሲያልፍ ከሁለቱም ወገን ተርፎ መታየት አለበት። ልክ ከገጠመ 45 ሜትር ላይ ነው። ጎን ለጎን ባለ ሁለት አፈሙዝ ላይ ይህ ሕግ አይሠራም፣ ወርዱ እጥፍ ነው።


ቸርችል ቁልቁል (ጠያቂ)፦

እግዜር ይስጥልኝ። ፓምፑን ወስኛለሁ፤ ጎን ለጎኑን በፎቶ እወደዋለሁ። የቀኝ ዓይኔ ነው የበላዩ። ሁለት ቀሪ ጥያቄ፦ በጎን የሚያልፍ ዝይ ምን ያህል ይቀደማል? ገፈርሳ ላይ ያሉትን ዝዮች በባይኖክላር እያየሁ መለማመድስ ይሆናል?


ቀለህ ለቃሚ (ካዛንቺስ)፦

መቅደሙን በስሌት እንየው። ዝይ ሲበር በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ በሰከንድ 18 ሜትር። ፍሬው 36 ሜትር ለመድረስ 0.11 ወይም 0.12 ሰከንድ ይፈጅበታል። ዝዩ በዚያ ጊዜ ሁለት ሜትር ሄዷል፣ ሁለት የራሱ ቁመት ማለት ነው። 20 ሜትር ላይ ከሆነ ከግማሹ ያንሳል። ሁለት ሜትር ሰማይ ላይ ማየት ስለማይቻል የሚደረገው ከጅራቱ ተነስቶ በገላው፣ በአንገቱ፣ በምንቃሩ አልፎ አፈሙዙ እየተጓዘ እያለ ቃታ መሳብ ነው። ጀማሪ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚስተው፤ ሲስብ ክንዱን ስለሚያቆም። ክንዱ ከተኩሱ በኋላም ይጓዝ። ዓይን ወፉ ላይ እንጂ ነጥቡ ላይ አይሁን፤ መንጋ ላይ አይተኮስም፣ አንድ ወፍ ይመረጣል። ሊያርፍ የሚወርደው ግን ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ደረቱን ካየህ በላዩ ያልፋል፣ እግሩን ተመልከት።

እግረ መንገዴን፣ 20 ጌጅ የሚተኩስ ሰው አጠገብህ ካለ ጥይታችሁ አንድ ኪስ ውስጥ አይገናኝ። የ20ዋ ቀለህ ብጫ የሆነችው ለዚህ ነው። 12 አፈሙዝ ውስጥ ብትገባ ተንሸራትታ መሃል ላይ ትቆማለች፣ ባዶ መስሎህ 12ቱን ታጎርሳለህ፣ ቀሪውን አልነግርህም። ጭቃ ወይም በረዶ የነካ አፈሙዝም ጥይቱ ወጥቶ ውስጡ ሳይታይ አይተኮስበትም።


ማስመሪያ (አራት ኪሎ)፦

ገፈርሳ ጥሩ ነው፣ በባይኖክላር ብቻ። እዚያ የምታየው ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የትም የለም፤ እሱ ላይ መተኮስ የሚባል ነገር አይታሰብም። ለልምምድ ብለህም እዚህ መሣሪያ አትፈልግ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ለዓይን ልምምድ ደግሞ መሣሪያ አያስፈልግም። ለግምት ሲሆን ከካናዳው ያነሰ ወፍ መሆኑን አስታውስ፣ ቁመቱ ከ60 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ነው። እሱን የለመደ ዓይን ኤድመንተን ሲደርስ ሩቁን ቅርብ ይላል። ስለዚህ አስተራረፉን፣ ነፋሱን እንዴት እንደሚይዝ፣ እግሩን መቼ እንደሚያወጣ እይበት። ለርቀቱ ጭልፊቷ ትሻላለች። ባይኖክላሩንም ርቀት ስትገምት አውርደው፤ ስምንት እጥፍ ያቀርባል።


ቸርችል ቁልቁል (ጠያቂ)፦

ካርቶኑን ሠራሁት። ክንዴ ግን 65 አይሞላም፣ ሲባጎው ሲወጠር 61 ላይ ያልቃል።


ማስመሪያ (አራት ኪሎ)፦

ክፍተቱን አጥብበው። ሲባጎውን በሚሊ ሜትር በ1.5 አባዛና ለ36 አካፍል። 610 ሲባዛ በ1.5፣ 915፤ ለ36 ሲካፈል 25 ከምናምን። 25 ሚሊ ሜትር ቁረጥ፣ ቋጠሮውን ስትይዝም ከዓይንህ ወደ ካርቶኑ ያለው ርቀት 61 መሆኑን በሌላ ሰው አስለካ፤ ጥርስና ዓይን አንድ ቦታ አይደሉም።